መዳፋቸውን የሚያሞቁት ሰውዬ

ሰውየው የላቦራቶሪያችንን አይጦች ይንከባከባሉ። አይጥ ከማንሳታቸው በፊት መዳፋቸውን አሻሽተው ያሞቃሉ፤ የሚያወሩትም በሹክሹክታ ነው። ድሮ ሲቆጡ ግን ግቢው ይንቀጠቀጥ ነበር።

አንድ ቀን በር ላይ ቆመው በጽዳት ሠራተኛዋ ላይ አምባረቁ። ማይክሮስኮፑ ሥር የነበረችው አይጥ ንቅንቅ አላለችም። አንጎሏ ግን፣ ነርቮቹ ሲሠሩ እንዲያበሩ አድርገናቸው ስለነበር፣ ስክሪኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቦግ አለ።

«ይሄ ሁሉ ከኔ ጩኸት ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፤ ያልበራ ቦታ የለም።»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ጥግ ይዘው ለሴት ልጃቸው ይደውላሉ። አታነሳም። ትናንት ስልካቸውን ጋውናቸው ኪስ ውስጥ እየከተቱ፣ «ስቆጣት ዝም ትል ነበር» አሉኝ። «ያልሰማችኝ እየመሰለኝ ድምፄን እጨምር ነበር።»