አርብ ተመለሺ

ኮልፌ ውስጥ በሲስተር ዘመነች እጅ ያልተከተበ ልጅ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በአንድ ጤና ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ ከዚያ ውስጥ አስራ ዘጠኙን ያሳለፈችው ክትባት ክፍል ነው። ዛሬ አጠና ተራ እንጨት የሚያራግፈው ጎረምሳ፣ ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ "ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ" የሚለው ረዳት፣ ደብተሯን አቅፋ ኮሌጅ የምትሄደው ወጣት፣ ሁሉም አንድ ቀን ፊቷ እሪ ብለዋል። ግን ማን ያስታውሳታል? የሚከተበው ሕፃን ነው፤ ሕፃን ምን ያውቃል። እናትየዋ የምታስታውሰው ልቅሶውንና ያን ሌሊት ያተኮሰውን ገላ ነው። በኩፍኝ ሳይያዝ ያደገ ልጅም ስላልያዘው በሽታ ብሎ ማንንም ሊያመሰግን አይመጣም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ክፍሏ በግድግዳ የሚዋሰናት አዋላጇ ፀጋ እንዲህ አይደለችም። ለፀጋ ድፎ ዳቦ ይመጣላታል፣ ክርስትና ትጠራለች፣ በስሟ የተሰየሙ ሦስት ሴት ልጆችም አሉ። ለዘመነች የደረሳት ማስፈራሪያ መሆን ነው። ሰፈር ውስጥ አልበላም ያለ ልጅ ካለ "ሲስተሯን ልጥራት?" ይባላል፤ ልጁም ወዲያው አፉን ይከፍታል። ታክሲ ውስጥ ሲያዩዋት እናታቸው ብብት ስር የሚወሸቁ አሉ። እሷም ትስቃለች፤ ምን ታድርግ። ቤቷ ስትገባ ግን ሳቁ አብሯት አይገባም።

ቤቷ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ አንድ መኝታ ናት። እናቷን ስታስታምም ዕድሜዋ ሄደ፤ እናቷ ካረፉ ደግሞ ስድስት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑን የምትከፍተው ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ብላ ነው እንጂ ምን እንደሚታይ ብትጠይቋት አታውቀውም። ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ቀርቷታል። ከዚያ በኋላ ጠዋት ተነስታ የት እንደምትሄድ አታውቅም። እናም አንድ ነገር ትመኛለች፤ ለሰው ብትናገረው የምታፍርበት፣ የልጅ ምኞት የሚመስል ነገር ነው። ከመውጣቷ በፊት ሰው በተሰበሰበበት አንድ ሰው ተነስቶ፣ ስሟን ጠርቶ ቢያመሰግናት። አንድ ጊዜ ብቻ።

ቦታውም ነበር። ጤና ጣቢያው በየሦስት ወሩ ነዋሪውን ጠርቶ ያወያያል። ነዋሪው ለንፅህናው፣ ለመድኃኒቱ፣ ለወረፋው፣ ለሠራተኛው አክብሮት ከአምስት ነጥብ ይሰጣል። አንዱ ተነስቶ ያመሰግናል፣ ሌላው ተነስቶ ልክ ልካቸውን ይነግራቸዋል። ዘመነች ሁልጊዜ ሦስተኛው ረድፍ ዳር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። የፀጋ ስም ስንት ጊዜ ተጠርቷል፤ የበር ጥበቃው እንኳ አንዴ ተመስግኗል። የእሷ ስም ግን ለምስጋናም ለወቀሳም ተነስቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ የኩፍኝ ክትባትን ነገር መንገር ግድ ይላል። የሚመጣው ለአስር ልጅ በሚበቃ ብልቃጥ ነው። ዱቄቱ አንዴ ከተበጠበጠ ስድስት ሰዓት ብቻ ይቆያል፤ ከዚያ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ በዚያ ጤና ጣቢያ ለአንድ ልጅ ተብሎ ብልቃጥ አይከፈትም። ልጆቹ አርብ አርብ ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ያኔ ይከፈታል። በሌላ ቀን የመጣች እናት "አርብ ተመለሺ" ትባላለች። ዘመነች ይህን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ እንዳለችው እግዜር ይወቀው። የተመለሰችው እናት ስንፍና ይመስላታል፤ ሻይዋን ልትጠጣ ነው ብላ ታማታለች። እውነቱን ለመናገር ግን ዘመነች ለአንዲት ጠብታ የምትሳሳ ሴት ነበረች፣ እስከዚያ ረቡዕ ድረስ።

ካርድ ክፍል የምትሠራ ዮዲ የምትባል ልጅ አለች። ምሳ የሚበሉት አብረው ነው፤ ዮዲ ሽሮ ታመጣለች፣ ዘመነች ጎመን። ዘመነችን "እማዬ" ትላታለች። ያን ረቡዕ ጠዋት ዮዲ ዘጠኝ ወር የሞላው ልጇን ታቅፋ ገባች። በነጋታው ወሊሶ ቤተሰብ ጋ ልትሄድ ነው፤ ሁለት ሳምንት ትቆያለች፤ "እማዬ፣ ዛሬውኑ ብትከትቢልኝስ?" አለች። ዘመነች የምትለው የታወቀ ነበር። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሃል እማዬ የምትላት ይቺ አንዲት ልጅ ናት፤ በምን አንጀቷ እምቢ ትበላት? ወረፋው ሳይጀመር በሩን ዘግታ ብልቃጡን ከፈተች፤ ልጁን ከተበችው። ከአርቦቹ ልጆች ጋር እጽፈዋለሁ ብላ መዝገቡን ሳትነካው ተወች። ዘጠኝ ልጅ ሊከተብበት የሚችለውን ብልቃጥ መድፋቱን እጇ እምቢ አላት። በበረዶው ሣጥን ውስጥ ከሌሎቹ ስር ሸሸገችው።

አምስት ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ገባች። ሃጂራ ትባላለች፤ ዘመነች ስሟን ያወቀችው በኋላ ነው። የመጣችው ከቆሼ፣ ከቆሻሻ መጣያው ወዲያ ካለው ሰፈር ነው። ልጇ ዘጠኝ ወሩ ነው፣ ለኩፍኝ ነው የመጣሁት አለች።

ብልቃጡ እዚያው አጠገቧ፣ በረዶው ውስጥ ነበር። ገና አራት ሰዓት ይቆያል። ብትሰጣት ምን ነበረበት? ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ ሁለት እናቶች አርብ ተብለው ተመልሰዋል። መዝገቡ ላይ ረቡዕ ብላ ከጻፈች፣ ለማን ብለሽ ከፈትሽ መባሏ ነው። ፈራች። "አርብ ተመለሺ" አለች፣ ዓይኗን ከመዝገቡ ሳታነሳ። ቀና ብትል ፊቷ የሚያሳብቅባት መስሏት ነው። ሴትየዋ አርብ አርብ ሰው ቤት ልብስ እንደምታጥብ ተናገረች፤ የልጇን እግር በአንቀልባው ሸፍና ወጣች። ከሰዓት በኋላ ብልቃጡ ተደፋ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ነዋሪው ለውይይት ተጠራ። የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ቢቂላ እንደ ልማዳቸው ቀድመው ተነሱና አዋላጆቹን አመሰገኑ። አንድ ሰው ስለ መድኃኒት እጥረት አማረረ። ከዚያ ድምፅ ማጉያው ወደ ኋላ ተላለፈና ሃጂራ እጅ ገባ። ማንን በሚመለከት እንደምትናገር ተጠየቀች።

"ሲስተር ዘመነች ይባላሉ" አለች። "ልጄን አዝዬ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ መጣሁ፣ መለሱኝ። ይመልሱኝ፤ ሕግ ይኖራቸዋል። ግን ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። እኔ ሰው አይደለሁም?"

ዘመነች ስሟ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው በዚያ ዕለት ነው። እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል ከተተች።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ያደሳ ወዲያው ተነሳ። ወጣት ነው፤ ተማሪ ሳለ መርፌ መያዝ የተለማመደው በዘመነች ክፍል ነበር፣ ይወዳታል። የአስሩን ልጅ ነገር፣ የስድስቱን ሰዓት ነገር፣ የሚደፋውን የአገር ሀብት አንድ በአንድ አስረዳ። ሕዝቡ ራሱን እየነቀነቀ ሰማው። ሲጨርስ፣ ሲስተር ዘመነች ክትባት ክፍል በሠሩበት አስራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ብልቃጥ ያለ ቀኑ ከፍተው እንደማያውቁ፣ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ሊወቀስ ሳይሆን ሊመሰገን እንደሚገባው ተናገረ። አቶ ቢቂላ ማጨብጨብ ጀመሩ። ድንኳኑ በሙሉ ተከተላቸው። ዮዲም ከኋላ ታጨበጭባለች። ከሃጂራ እጅ ድምፅ ማጉያው ተወሰደ፤ ከጎኗ ያለች ሴት ቁጭ በይ እያለች ቀሚሷን ሳበቻት።

ስንት ዓመት የጠበቀችው ጭብጨባ ይኸው መጣ። ጎንበስ ብላ እጅ ነስታ መቀመጥ ብቻ ነበረባት። ማንም አያውቅም፤ የቀራትም ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ነው። ደስ ይላት እንደሆነ ራሷን ጠበቀች፤ ደስታው አልመጣም። ሃጂራ ሻርፗን ወደ ፊቷ ስባ ስትቀመጥ አየቻት፤ ያን ረቡዕ ያላየችው ፊት አሁን ከሩቅ ታያት። ዘመነች ተነሳች። ሕዝቡ ልታመሰግን የተነሳች መስሎት ጭብጨባውን አበረታው። እስኪያልቅ ቆመች።

"ያደሳ አልዋሸም፣ አያውቅም" አለች። "ያን ቀን ብልቃጥ ከፍቼ ነበር። ለማውቀው ሰው ልጅ ነው የከፈትኩት። ይቺ እናት ስትመጣ የዘጠኝ ልጅ ክትባት አጠገቤ ነበር፤ ደብቄ መለስኳት። ቀና ብዬ ያላየኋት አፍሬ ነው።"

አቶ ቢቂላ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ለማን እንደከፈተችው ማንም አልጠየቀም፤ ዮዲ ግን ተነስታ ከድንኳኑ ስትወጣ ሁሉም አያት። ለአክብሮት ከአምስት አንድ ተሰጠ። ፀጋና ሌሎቹ ሠራተኞች በአጠገቧ ሲያልፉ ሰላምታቸው ቀዝቅዞ ነበር፤ የሁሉም ነጥብ ነዋ የወደቀው።

ሰኞ ያደሳ ቢሮው ጠርቶ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣት። ከመቆጣት ይልቅ ማዘኑ ከበደባት። ለሽኝቷ ታስቦ የነበረው ዝግጅት እንግዲህ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ብቻ፣ በትንሹ እንደሚደረግ ነገራት። እሺ አለች። የባሰው ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። ዮዲ ሳህኗን ይዛ የላቦራቶሪ ሠራተኞቹ ጋ ሄደች፤ ዘመነችንም "ሲስተር" ብላ መጥራት ጀመረች። ዘመነች ጎመኗን ለብቻዋ በላች፤ ለሁለት ሰው ማምጣቷን የተወችው ከአራት ቀን በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። እንቅልፍ የነሳት የሃጂራ ልጅ ነው። ተከትቦ ይሆን? በዚያ ሰሞን ከወደ ቆሼ ሽፍታ የወጣባቸው ሁለት ልጆች መጥተው ነበር። አርብ ጠበቀቻት፣ ሃጂራ አልመጣችም፤ የሚቀጥለውም አርብ አልመጣችም። በሦስተኛው ሳምንት ያደሳን አስፈቅዳ የሃጂራ አድራሻ ከካርዷ ላይ እንዲወጣላት ጠየቀች። ዮዲ ካርዱን ሳታያት አቀበለቻት። ዘመነች አንድ ብልቃጥ በበረዶ ሣጥን ይዛ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች። ለአንድ ልጅ ልትከፍተው ነው፤ የቀረውን ለመድፋት ያደሳ ፈርሞላታል።

ከፌርማታው ወርዳ በቆሼ ጥግ፣ እየጠየቀች፣ ጭቃውን እየዘለለች ደረሰች። ሃጂራ ግቢው ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ስታያት እጇ ሳሙናው ላይ ቀረ። ከዚያ ተነስታ ክንዷን በቀሚሷ አደረቀችና በርጩማ አወጣችላት፤ ቤቷ የመጣች እንግዳ ናትና። ልጁ ምንጣፍ ላይ በጀሪካን ክዳን ይጫወታል። ወፍሯል፣ ገላው ጥሩ ነው። ዘመነች ሣጥኑን ልትከፍት ስትል ሃጂራ ከለከለቻት። ያኔ ረቡዕ ዕለት፣ ከዘመነች ክፍል ወጥታ ቀጥታ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄዳ አስከትባዋለች።

"ተመስገን" አለች ዘመነች፤ ትከሻዋ ወረደ። ቆይታ ግን ግራ ገባት። ከተከተበ ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን መጣሽ ብላ ጠየቀቻት፣ ወቀሳ እንዳይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሃጂራ ልጁን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። "ይሄ አራተኛዬ ነው ሲስተር" አለች። "ሦስቱን የከተቡልኝ እርስዎ ነዎት። የመጀመሪያዋን ሳስከትብ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልጅቷን ከኔ ጋር አቅፈው፣ አይዞሽ ብለው የያዙልኝ እርስዎ ነዎት። ለዚያ ነው ያን ቀን ሳያዩኝ ሲቀሩ ሆድ የባሰኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይመስለኝም።"

የልጁን አፍ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችለት።

"ያኔ ስምዎን አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ልከስዎ ስል ነው። እሱ ይቆጨኛል።"

ዘመነች የበረዶውን ሣጥን ጉልበቷ ላይ እንዳቀፈች፣ የሃጂራን ፊት አተኩራ አየችው። የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ የምታለቅስ ሴት ልጅ፣ አይዞሽ ያለችበትን ቀን ፈለገች። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊቷ የተቀመጡት እናቶች ብዙ ናቸው፤ ይቺኛዋን ከመሃላቸው ለይታ ልታወጣት አልቻለችም። እንደምታስታውሳት መናገር ቀላል ነበር፤ ሃጂራም የምትጠብቀው ያንኑ ነው።

"አላስታወስኩሽም፣ ልጄ" አለቻት።