ሳሌሃ የምትጽፍበት እስክሪብቶ

ሽፋ የቡታጅራ አናጢ ነበር። እንጀራው የወንበር እግር በቶርኖ ማሽን ማውጣት ቢሆንም፣ ስሙን ያስጠራው ከወይራ የሚሠራው እስክሪብቶ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ። በኢሕአዴግ ዘመን ትምህርት ቤቱም መሥሪያ ቤቱም በየቦታው ሲከፈት፣ ለተመራቂ ስጦታ የፈለገ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣ ነበር። አስተማሪዋን ሳሌሃን ሲያጭም የላከላት ያንኑ ነው።

ኋላ አሚኑ የሚባል ጠራቢ ከወልቂጤ መጥቶ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ከፈተ። የእሱ እስክሪብቶ ሆዱ ወፈር ያለ፣ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ጎድጎድ ያለ ነበር።

"ይሄ እስክሪብቶ ነው ወይስ ዘነዘና?" ብሎ ሳቀ ሽፋ።

ደንበኛው ግን አንድ በአንድ ወደ ማዶ ተሻገረ። ሽፋ ሥራውን ትቶ ያንን በር ሲያይ ይውል ጀመር፤ የሚገባው ሰው ሁሉ ከእጁ የተነጠቀ ይመስለዋል።

አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሚስቱ ሳሌሃ ፈተና ስታርም፣ በእጇ የያዘችውን ሲያይ ደሙ ፈላ። የአሚኑ ሥራ ነበር።

"የኔስ?"

"ያንተማ ቆንጆ ነው፣ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ" አለች ቀና ሳትል። "ግን ያን ሁሉ ወረቀት አርሜ፣ የግምገማ ሪፖርት ጽፌ ስነሳ አውራ ጣቴን ያመኛል።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬህ ነበር። 'አጥብቀሽ ስለምትይዢው ነው' አልከኝ።"

በማግስቱ የአሚኑን እስክሪብቶ ደብቆ ወስዶ አምሳያውን ጠረበ። በገዛ እጁ ሲይዘው ግን ጎድጓዳው ከጣቱ አልገጥም አለ። የሳሌሃ እጅ ተለክቶ የተሠራ መሆኑ ያኔ ገባው። ሰላምታ እንኳ ሳያቀርብ ወደ አሚኑ ሱቅ ገባ።

"የሚስቴን እጅ እንዴት ለካኸው?"

"ወላሂ እጇን አልነካሁም" አለ አሚኑ፣ ከመደርደሪያው የሰም ቁራጭ እያወረደ። "ያዘዘኝ ሰው ሁሉ ለስላሳ ሰም እንደ እስክሪብቶ ይይዝልኛል። ጣቱ የሰረጎደበትን አይቼ እጠርባለሁ። ሳሌሃ ስትጽፍ አውራ ጣቷን በሌባ ጣቷ ላይ ትደርባለች። አታውቅም እንዴ?"

አያውቅም ነበር። ሌላ ወንድ የሚስቱን እጅ አያያዝ ቀድሞት ማወቁ ከሄደው ደንበኛ ሁሉ ይልቅ አንገበገበው።

የአሚኑን ዘዴ ላለመውሰድ ሲል ሰም አላስያዛትም። ስትጽፍ አጠገቧ እየተቀመጠ ያያት ጀመር።

"ምን ታፈጥብኛለህ?"

"እጅሽን ነው የማየው።"

እሷ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። ጠርቦ ይሰጣታል፣ "እዚህ ጋ ይወጋኛል" ትለዋለች፣ በሞረድ ያስተካክለዋል፤ ደግሞ ይሰጣታል። በመጨረሻ የአንድ ክፍል ፈተና አርማ ስትጨርስ አውራ ጣቷን አላሻሸችም።

ከዚያ ወዲያ ሽፋ የጸሐፊውን እጅ ሳያይ መጥረብ ተወ። ደንበኛውም ቀስ በቀስ ተመለሰለት። ሰው በፊቱ የአሚኑን ሥራ ሲያወድስ ግን፣ "አዎ፣ ጎበዝ ጠራቢ ነው" የሚለው ዛሬም ጥርሱን ነክሶ ነው።