ጣታቸው የነካው አፈር

አያቴን ከቀበርን ዛሬ አምስተኛ ቀን ነው። እዝን ስቀበል፣ ለለቀስተኛ ውሃ ሳቀርብ እግሬ ዝሏል፤ ማልቀሱም አድክሞኛል። ከድንኳኑ ሾልኬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የችግኝ ቦታ ወረድኩ።

ካምና ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ፣ እንዲሁ በነፃ፣ ችግኙን ይንከባከቡ የነበሩትን አያቴን የማግዛቸው እዚያ ነበር። የኮሶውና የዋንዛው ችግኝ ከጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት በተጣለ የዘይት ቆርቆሮ ተተክሏል። ባልዲ ሳነሳ ይቆጡኝ ነበር፦

«ቆዪ እንጂ አንቺ ልጅ! መጀመሪያ ጠይቂው!»

ከዚያ ሌባ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። «ይሄ ጠግቧል። ያኛው ጠምቶታል።» ያን ሁሉ ቆርቆሮ አንድ በአንድ! እኔ ደግሞ ቶሎ ጨርሼ ለመሄድ በሆዴ እነጫነጫለሁ።

ዛሬ ቅጠሉ ሁሉ ጠውልጓል። ዝናቡ ገና ነው፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህም ያጠጣው የለም። በደረቀው አፈር ላይ ግን የጣታቸው ቀዳዳ በየቆርቆሮው እንዳለ ነው። ውሃ ካፈሰስኩበት ይደፈናል። ባልዲውን እንደያዝኩ ብዙ ቆምኩ።

በመጨረሻ ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩ። ሰፋኝ።

«ጠምቶታል፣ አባባ» አልኩ።

«አጠጪው» የሚለኝ አልነበረም። አፈሰስኩበት።