ሰበታን ከላይ ያየሁበት ቀን

ይህ የደረሰብኝ በ2008 ዓ.ም. ነው። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ተነስቶ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ መንገዶች አንድ ቀን ተከፍተው ሦስት ቀን የሚዘጉበት ጊዜ ነበር። ብዙ ዓመት አልፎታል። እስካሁን ለማንም በቅጡ ተናግሬው ስለማላውቅ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ያኔ ቦሌ አካባቢ ትንንሽ አውሮፕላኖች በሚያከራይ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ሰው ሁሉ “ጄት” ይላቸዋል እንጂ የእኛዎቹ ባለ ፕሮፔለር፣ አሥር ሰው እንኳ በቅጡ የማይዙ ናቸው። ሥራዬ ስልክ ማንሳት፣ የተሳፋሪ ስም መመዝገብ፣ የበረራ ፈቃድ ማስጨረስና ሻንጣ ማስመዘን ነው። ወደ ጅማ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ጋምቤላ ሰው ስሸኝ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል። እኔ ራሴ ግን አንድም ቀን ተሳፍሬ አላውቅም።

ቤቴ ሰበታ ነው፤ ወደ ዓለም ገና በሚወስደው በኩል፣ እናቴ ግቢ ውስጥ። የሦስት ዓመት ልጄን ሲፈንን ለእናቴ ትቼ ጠዋት በታክሲ እወጣለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። አባቷ ድሬዳዋ ነበር የሚሠራው። አንድ ቀን እንደ ልማዴ ወጣሁ፤ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተዘጋ። “ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል” ስል ሳሪስ አክስቴ ቤት አሥራ አንድ ቀን አደርኩ።

ሰበታ እኮ ሩቅ አይደለም። በደህናው ጊዜ እንቅልፍ ሸለብ ሳያደርገኝ የምደርስበት ነው። አሁን ግን እናቴ በስልክ “እዚያው ሁኚ፣ እንዳትሞክሪው” ትለኛለች። የሰፈር ልጆች ታስረዋል። አንድ የጎረቤታችን ልጅ በጥይት ተመትቶ እንደተኛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። እሷንም ቢሆን አባቴ ትቶላት የሞተው መሬት ነገር ያብሰለስላታል፤ “ወደ ከተማ ይገባል” የሚል ወሬ ከሰማች ወዲህ እህል አይወርድላትም።

ሲፈን ስልኩን ከእናቴ እጅ ትነጥቅና አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች።

“እማ፣ ዛሬ ትመጫለሽ?”

“ነገ” እላታለሁ።

ከአምስተኛው ቀን በኋላ መጠየቅ ተወች። ስልኩን ይዛ ዝም ብላ ትተነፍሳለች። እንደ ድሮዋ ብትነዘንዘኝ ይሻለኝ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዘይነባ የምትባል ሴት ቢሮ መጣች። አርባ ዓመት ያለፋት፣ መርካቶ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ወላጆቿ ዓለም ገና የሚኖሩ ነጋዴ ናት። ቁጭ እንኳ ሳትል ነው ጉዳይዋን የነገረችኝ።

አባቷ ሐጂ ኑሪ ጅማ ያለች እህታቸውን ሊጠይቁ ሄደው ግቢ ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ልባቸውም ደክሟል። ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የምናደርገው ብዙ የለም፣ ተኝተው መጓዝ ይችላሉ ብለዋል። የጅማ መንገድ ግን ዝግ ነው። መንገዱ ስለተዘጋ ደግሞ መደበኛው በረራ ላይ ሰው ተጨናንቆ ቦታ የለም፤ ቢኖርም ተቀምጠው መሄድ አይችሉም።

“እናቴ ዓለም ገና ናት። ከተጋቡ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል” አለችኝ። “አባባ እዚያ መብላት ትተዋል። ሐሊማ ጋ ውሰዱኝ ነው የሚሉት፣ ሌላ ነገር አይሉም። እኔ ምን ላድርግ እህቴ?”

“አዲስ አበባ ድረስ እናመጣቸዋለን” አልኳት። “ከዚህ ወደ ዓለም ገናስ እንዴት ሊያደርጉ ነው?”

“እሱን አላህ ያውቃል። ቢያንስ ይቅረቧት።”

ይህን ስትል ዓይኔን ከወረቀቱ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

በማግስቱ ለበረራው ሁሉም ነገር ተዘጋጀ። ወንበሮች ተነስተው ቃሬዛ ታሰረ። ከተሳፋሪ ጋር የሚሄደው ባልደረባዬ ሱሉልታ ቤቱ ሆኖ መውጫ አጥቷል። አለቃዬ “አንቺ ሂጂ” አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ውስጥ የገባሁት እንዲህ ነው። ስንሄድ ከታች ደመና ስለነበር ምንም አላየሁም። እንዲያውም ፈርቼ ወንበሬን ጨብጬ ነበር የሄድኩት።

ጅማ ስንደርስ ሐጂ ኑሪ አምቡላንስ ውስጥ ሆነው ይጠብቁናል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ቃሬዛውን ስናስገባ ፊታቸው በሕመም ተጨማደደ፤ ድምፅ ግን አላሰሙም። ቀበቶአቸውን ሳስር ዓይናቸውን ገለጡ።

“አይዞዎት ሐጂ፣ አሁን እንነሳለን” አልኳቸው።

አነጋገሬ ነግሯቸው ነው መሰለኝ፣ በኦሮምኛ “ኢንታላ ኤኙ ቲ?” ብለው የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ።

“የሰበታ ልጅ ነኝ። የኦቦ ዳባ ልጅ” አልኳቸው።

“ዳባ ፈረሰኛው? ዓለም ገና ሱቃችን በር ላይ ፈረሱን አስሮ ለሚስቱ ሻሽ ሲመርጥ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝ?”

አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ለእናቴ ሻሽ ይመርጥ እንደነበር አላውቅም ነበር። ሳቅም እንባም መጣብኝ።

ከተነሳን በኋላ የሐጂን ቃሬዛ ከግራና ከቀኝ ይዘን ተቀመጥን። ዘይነባ በቀኛቸው ሆና እጃቸውን ይዛለች፤ እኔ በግራ፣ መስኮቱ አጠገብ ነኝ። ወሊሶን ሳናልፍ አይቀርም፣ በሁለት ጣታቸው እጅጌዬን ጎተት አደረጉ።

“ልጄ፣ ይህ ነገር ዓለም ገና ላይ አያወርደንም?”

“ማረፊያ የለም ሐጂ።”

“እንግዲያው በላይዋ እናልፋለን?”

ካፒቴኑን ሄጄ ጠየቅሁት። ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ሽማግሌው ያሉትን ስነግረው ትንሽ አሰበና ከበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ጋር በሬዲዮ ተነጋገረ። “ዛሬ በዚያ በኩል ነው የምንገባው። ዝቅ ስንል መስመሩ በዚያው ያልፋል። ግን ቶሎ ነው የሚያልፈው፤ ማንም ቀበቶውን እንዳይፈታ” አለኝ።

በሰበታም እናልፋለን ማለት ነው። ሮጬ ወደ ቦታዬ ተመልሼ መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ።

ሐጂ ግን ተኝተው ስለሆነ ከሰማይ በቀር የሚታያቸው የለም። ዘይነባ ትንሽ ቀና ልታደርጋቸው ሞከረች፤ ቀበቶው ያዛቸው፣ ሕመሙንም አልቻሉትም።

“ተዪኝ ተዪኝ” አሏትና ወደ እኔ ዞሩ። “ያቺ የዳባ ልጅ ትይልኝ። ቤታችን ከመስጊዱ ቀጥሎ ነው፤ ጣሪያው አረንጓዴ ቀለም አለው። ያየሽውን ንገሪኝ።”

“እሺ” አልኳቸው።

ደመናው ገለል ሲል የጅማ መንገድ ታየኝ። ባዶውን ተጋድሟል። መኪና የለበትም። ድንጋይ ይሁን የተቃጠለ ጎማ፣ እዚህም እዚያም ጠቆር ጠቆር ያለ ነገር አለ። ያን ያህል ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። የነገርኳቸው ግን የጤፉን ክምር፣ ባሕር ዛፉን፣ ወንዙን ነው። እሳቸውም በየመሐሉ “እ፣ እ” ይላሉ።

ወዲያው ሰበታ ደረሰ። ፋብሪካዎቹን አየሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑን አየሁ። ከዚያ ዓይኔ የራሴን መንገድ ይዞ ሄደ። ወፍጮ ቤቱ፣ የባጃጅ መቆሚያው፣ ኩርባው። የእናቴ ግቢ ሊመጣ ነው። ጥግ ያለውን ግራር ለየሁት። እያወራሁ የነበርኩትን ሁሉ ረሳሁት። መስኮቱን በትንፋሼ አደብዝዤው ኖሮ በእጄ ጠረግሁት።

“ደረስን?” አሉኝ ሐጂ። እጄን አጥብቀው ያዙ። “ዝም አልሽ እኮ። ደረስን?”

ወደ እሳቸው ዞርኩ። ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ተተክሏል። እሳቸው የእኔን አፍ ብቻ ነው የሚጠብቁት። ወደ መስኮቱ ስመለስ ግራሩ የለም። ዓለም ገና ከፊት ለፊታችን ነበረች።

ሚናሬቱን አየሁ። ቀጥሎ አረንጓዴውን ጣሪያ።

“አየሁት ሐጂ! ጣሪያው ይታያል። መስጊዱም። ግቢው ተጠርጓል።”

“ሰውስ አለ?”

ሰው አልታየኝም። ከዚያ ከፍታ ሰው ቢኖርም ነጥብ ነው። ግን አፌ ቀድሞኝ “አዎ፣ ነጭ ያደረጉ ሴት ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ወደ ላይ ያያሉ” አልኳቸው።

“እሷ ናት” አሉ። “ሐሊማ ናት።” እንባቸው በጆሮአቸው በኩል ወረደ። ዘይነባ በእጇ ጠረገችላቸው። እኔን አየችኝ፤ እንዳልዋሸሁ ልታምን የፈለገች ትመስላለች።

ካረፍን በኋላም ነገሩ አላለቀም። ከቦሌ ወደ ዓለም ገና የሚያሳልፍ መንገድ ስላልነበረ ሐጂን ኮልፌ ዘይነባ ቤት ወሰዷቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

“መንገዱ ለጥቂት ሰዓት ተከፍቷል። አምቡላንስ አግኝተናል። አባባ ያለ ዳባ ልጅ አልሄድም ብለዋል፤ ቶሎ ነይ” አለችኝ ዘይነባ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ኬላው ላይ ወታደሮች ፈትሸው አሳለፉን። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ወጣቶች ቆመዋል። አንዱ ቀረብ ብሎ በመስኮት አየና ወደ ጓደኞቹ ዞሮ “ኦቦ ኑሪ ናቸው!” ብሎ ጮኸ። ወዲያው ተረባርበው ድንጋዩን ገለል አደረጉ። “ባጋ ነጋን ዱፍተን” እያሉ፣ እንኳን በሰላም መጡ እያሉ፣ አምቡላንሱን እየዳበሱ አሳለፉን። ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት የቀላ ልጆች ናቸው። ከእነሱ መሐል ከዚያ በኋላ እነማን እንደተረፉ አላውቅም።

ወይዘሮ ሐሊማን ያገኘናቸው ፍራሽ ላይ ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጎረቤት ካልደገፋቸው አይነሱም። ሐጂን አጠገባቸው አስተኛናቸው። እሳቸው የባላቸውን ጢም በጣታቸው ያበጥራሉ።

ከዚያ ሐጂ “ያን ቀን አየንሽ እኮ” አሉ። “በላይሽ ስናልፍ። ይህች ልጅ አይታሻለች፤ ነጭ አድርገሽ ግቢ ቆመሽ።”

የምገባበት ጠፋኝ። አጠገባቸው የነበረችው ጎረቤት “ኧረ እሳቸው ሳምንቱን ሙሉ ከዚህ...” ብላ ስትጀምር ወይዘሮ ሐሊማ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ረጋ ያለ አስተያየት ነበር።

“አዎ” አሉ። “ድምፁን ሰምቼ ወጥቼ ነበር። ልቤ አንተ መሆንህን ነግሮኛል።”

ሐጂ “አላልኩም?” ብለው ፈገግ አሉ። ያን ቀን እህል ቀመሱ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል በቤታቸው፣ ከሚስታቸው ጎን ኖረው አረፉ።

እኔ ያኑ ዕለት ከዚያ ቤት ወጥቼ ወደ ሰበታ በእግሬ ሄድኩ፤ ግማሹን መንገድ በሩጫ። ሲፈን በሩ ላይ ቆማ አየችኝና አልመጣችም። እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። ተንበርክኬ እስክትለምደኝ ጠበቅሁ። ቆይታ ቆይታ መጥታ ጫማዬን ነካች፤ ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

እናቴ ውሃ እየሰጠችኝ እንዲህ አለችኝ። “አውሮፕላን ጋ ነው የምትሠራው ስላልኳት፣ ባለፈ ቁጥር አንቺ ነሽ ትላለች። ከትናንት በስቲያ አንድ ትንሽ አውሮፕላን በጣም ዝቅ ብሎ አለፈ። ከቤት ሮጣ ወጥታ ‘እማ! እማ!’ እያለች እስኪጠፋ ድረስ እጇን ስታወዛውዝ ነበር። ከዚያ ገብታ ስታለቅስ ዋለች።”

እኔ እንደነበርኩ ለእናቴ አልነገርኳትም። ውሃውን ጠጣሁ።

ሲፈን አሁን በቁመት ልትበልጠኝ ምንም አልቀራትም። ያን ቀን አታስታውሰውም። ለሐጂ ኑሪ ስል ከመስኮቱ ፊቴን በማዞሬ ተጸጽቼ አላውቅም፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ግን ያቺ የሦስት ዓመት ልጅ ግራሩ ሥር ቆማ፣ ቀና ብላ፣ እጇን ዘርግታ ስትጠራኝ አንድ ጊዜ ብቻ ባያት ብዬ እመኛለሁ። ናፍቆቷ አልወጣልኝም። እዚሁ አንድ ቤት ውስጥ አብረን እየኖርን ትናፍቀኛለች።