ሽማግሌዎች ያልጻፉልን ደብዳቤ

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ምራቴን ፍርድ ቤት እንዳትሄድ ከለከሏት። ዓመታት አልፈው የልጅ ልጄ፣ በዓይናቸው ያዩትን ያንኑ ነገር በአንድ ገጽ እንዲመሰክሩላት ስትለምናቸው ደግሞ አንጽፍም አሏት። ተጽፎ እንዲቀመጥ የምፈልገው በደል ይህ ነው። ቤቱን ጥሎ የሄደው ሰው የራሴ ልጅ መሆኑንም አሁኑኑ ልናገር፤ በኋላ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማ።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ልጅ አዝዬ ነው። ያኔ ጀርባዬ ላይ የነበረው ልጅ ነው ዛሬ የምከሰው።

ዲቪ ደርሶት ሚስቱን ይዞ አትላንታ ገባ። ልጅቷ እዚሁ ተወለደች፤ እኔም እሷን ላሳድግ መጣሁ። ክላርክስተን ውስጥ፣ በየደረጃው የየአገሩ ሰው ጫማ በተደረደረበት አፓርታማ ውስጥ ነው የምንኖረው። ልጄ ትራክ ይነዳል። ልጅቷ ገና አንደኛ ደረጃ ሳለች ጭነት ይዞ ወጣና ሳይመለስ ቀረ። ምን ደረሰበት ብለን ስንጨነቅ ከረምን፤ በኋላ እዚሁ አትላንታ ዳርቻ፣ ሮዝዌል ቤት ተከራይቶ ከሌላ ሴት ጋር መግባቱን ሰማን። አደጋ ቢሆን ይሻለኝ ነበር ብዬ አስቤአለሁ። እናት እንዲህ ታስባለች ወይ የሚለኝ ካለ፣ አዎ ታስባለች።

ምራቴ አረጋውያን በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ሠራተኛ ናት። ዝምተኛ ናት፣ ግን ያን ጊዜ ዝም አላለችም። ጠበቃ ጠይቃ ቀጠሮ ይዛ ነበር። ይህ እንደተሰማ ሽማግሌዎቹ ቤታችን መጡ። ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡና አማኝ አማኝን ዓለማዊ ዳኛ ፊት አያቆምም አሏት። እኛ እያለን ኮርት ምን ያደርግልሻል፣ ልጁን እኛ እንይዘዋለን፣ ለልጅቷ የሚገባውን እናስደርገዋለን አሉ። ቀጠሮውን ሰረዘችው። ልጄ ጥቂት ወራት ገንዘብ ሰጠ፣ ከዚያ ተወው። ያዝነው ያሉት ሰዎች ሲለቁት ማንም አላየም። ፍቺ የለም፣ ፍርድ የለም፣ በወረቀት ከሄዱ ዛሬም ባልና ሚስት ናቸው።

እሱ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ። ብቻዬን ነው የምኖረው አላቸው፤ ሮዝዌል ድረስ ነድቶ ያየ የለም። ለጥቂት ጊዜ ከአገልግሎት ታግዶ ቆየና አስተናጋጅ ተደረገ። ስቶን ማውንቴን ያለው አዳራሻችን በር ላይ፣ ከረባት አስሮ፣ የሚገባውን ሰው ሁሉ እየሳቀ የሚቀበለው እሱ ነው። ምራቴ በዚያ በር ዓመታት ገብታለች። ልጅቷም እጁን እየጨበጠች ታልፋለች፣ እንደ ማንኛውም ሰው።

ቤታችን ውስጥ ስለዚህ ነገር አይወራም ነበር። ልጅቷ አባትሽስ ስትባል "ሥራ ላይ ነው፣ ትራክ ይነዳል" ትላለች። ውሸት አልነበረም። ይነዳል።

ሃይስኩል ስትጨርስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባች፤ የሚቀርበንና የሚቻለን እሱ ነው። ጠዋት አውቶቡስ ላይ ታነባለች፣ ከሰዓት በኋላ ኬሚስትሪ የከበዳቸውን ተማሪዎች ታስጠናለች። በሁለተኛው ዓመት አስተማሪዋ ጠርታ፣ አንቺ እዚህ የምትቀሪ አይደለሽም፣ ትራንስፈር አፕላይ አድርጊ ብላ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ መረጠችላት። ልጅቷ ለብዙ ቀን ስሙን ጮክ ብላ አልጠራችውም። "እዚያ ትምህርት ቤት" ነበር የምትለው።

ለጉብኝት አብሬአት ሄድኩ። ዛፉ፣ ድንጋዩ፣ ሣሩ፤ ሰው የማይረግጠው ሣር። አዲስ ገቢ ልጆችና ወላጆቻቸው ትልቅ ድንኳን ተተክሎላቸው ቲሸርት ይታደላቸዋል። ከሌላ ኮሌጅ ለሚዛወሩት ደግሞ ከሕንፃው ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች፤ የታደለውም እስክሪብቶ ነው። ለምን ቲሸርት አይሰጣችሁም አልኳት። "እምዬ፣ ፕሊስ" አለችኝ። ጠይቂልኝ አልኳት። አልጠየቀችም። እስክሪብቶውን እኔ ወሰድኩት።

ተቀበሏት። ስልኳን ይዛ ወጥ ቤት ቆማ አነበበችው፣ እናቷ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ እኔም ጸለይኩ። ደስታው ሳምንት አልሞላም። የዚያን ትምህርት ቤት ክፍያ እንኳን እኛ፣ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ተሰብስበው አይችሉትም፤ መግባት የምትችለው በእርዳታ ነው። የእርዳታው ቢሮ ደግሞ የእናቷን ገቢ አይቶ አልበቃውም፣ የአባትሽንም አምጪ አላት።

ስልክ ስትደውል ስፒከር ላይ አድርጊው አልኳት። የምታናግራት ሴት ትሑት ነበረች። አባትየው ፎርሙን ይሙላ፤ ካልሞላ የፍርድ ቤት ወረቀት አምጡ፤ ያ ከሌለ ቤተሰብ ያልሆነና ነገሩን በቅርብ የሚያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ የሃይማኖት መሪ፣ አባቷ ትቷቸው እንደሄደና እንደማይረዳት በፊርማው ይመስክር አለች።

"እኔ እመሰክራለሁ በያት" አልኩ።

ነገረቻት። የቤተሰብ ምስክርነት አይቆጠርም ተባለ።

"የገዛ ልጄን አሳልፌ ስሰጥ ለማን ብዬ ነው የምዋሸው? እሱን ንገሪያት።"

ይሄን አልተረጎመችውም።

ኮሌጇ ውስጥ ያለው አማካሪም ሊጽፍላት ፈልጎ ነበር። ግን በቅርብ የሚያውቀው ነገር የለም፤ እሷው አባቴ ሥራ ላይ ነው ስትለው ነው የኖረችው። በቅርብ የሚያውቁት እነዚያ ሶፋችን ላይ የተቀመጡት ናቸው።

መጀመሪያ ግን ልጄን ራሱን ጠየቅሁት። ደወልኩለት፣ መጣ፣ አንድ የገበያ ማዕከል ፊት ለፊት መኪናው ውስጥ ተቀመጥን። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ የደም ግፊቴን ጠየቀኝ። ፎርሙን ሙላላት አልኩት። ገንዘብ ስጥ እንደማይባል፣ የሚጠየቀው ገቢውን ብቻ እንደሆነ፣ ልጅቷ ያስረዳችኝን ሁሉ አስረዳሁት። መሪውን ይዞ ወደ ፊት ያያል።

"እማዬ፣ እዚያ ላይ ከፈረምኩ ስሜ ሲስተም ውስጥ ገባ ማለት ነው። ነገ ለእነ እገሌ የልጅ ማሳደጊያ ክፈል ብለው ኮርት ይጎትቱኛል።"

"እነ እገሌ ያልካት ልጅህ ናት።"

"እሱማ ልጄ ናት" አለ። "እሷ ጎበዝ ናት፣ የትም ትማራለች። የግድ እዚያ ነው?"

"የግድ እዚያ ነው" አልኩት። እዚያ ባይሆንም ግድ አልነበረኝም፤ እሱ እንዲህ ሲል ግን የግድ ሆነብኝ።

ስለዚህ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድን። ዋናው ሽማግሌ የታክስ ቢሮ ያለው ሰው ነው። ወረቀት የማያውቅ ገበሬ አይደለም። ቤት ለሚከራይ ጨዋ ሰው ነው ብሎ ይጽፋል፣ ለኢሚግሬሽን ጋብቻቸው እውነተኛ ነው ብሎ ይጽፋል፣ አርማ ባለው ወረቀት፣ በማኅተም። የኛን ሲሰማ ግን መጻፉ ቀላል ነው፣ ከዚያ በፊት ግን ነገሩ በዕርቅ ይታይ አለ። አንዱ ሽማግሌ ለጉባኤ ሌላ ስቴት ሄዶ ተራዘመ። ሌላው ልጁን ዳረ፣ ተራዘመ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲውን ለምና ዴድላይኑን አንድ ጊዜ አስገፋችው። ሁለተኛ አይሆንም አሏት። የተሰበሰብንበት ቀን ቅዳሜ ነበር፤ የእሷ ቀን የሚያልቀው ሰኞ ነው።

የሰንበት ትምህርት ልጆች የሚማሩበት ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ልጆች የቀለሙት መርከብ በተለጠፈበት፣ ትንንሽ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ምራቴ ከሥራ መምጣቷ ነበር፤ የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። ልጅቷ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች፣ ከጻፉላት እዚያው ልትልከው። በጸሎት ተጀመረ። ዋናው ሽማግሌ ስለ ይቅርታ ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያ ልጄ ተነሣ፣ መጣ፣ እግሬ ሥር ተንበርክኮ ጉልበቴን ያዘ።

ልጅ ጉልበት ሲይዝ እናት "ተነሥ" ትላለች። ሳትል ብትቆይ እንኳ በዙሪያ ያሉት "በይ እንጂ፣ በይ" ይሏታል። እኔ አላልኩም። እያለቀሰ ነበር፤ እንባው እውነተኛ ነበር፣ በዚያ አልከሰውም።

"ፎርሙን ትሞላለህ?" አልኩት።

"እማዬ፣ ይቅር በይኝ።"

"የጠየቅሁህ ስለ ፎርሙ ነው።"

ዋናው ሽማግሌ ጣልቃ ገብቶ፣ "እማማ፣ አሁን የወረቀት ሰዓት አይደለም" አለኝ።

"ሰኞ ያልቃል" አልኩት። "ከወረቀቱ በቀር ሰዓት ያለው ነገር የለንም።"

አንደኛው ሽማግሌ፣ እናት እንዲህ ልቧን ስታደነድን አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ሌላው ትከሻዬን ያዘ። ሁሉም በአንድነት ይበሉ፣ ይበሉ ይሉኛል። ልጄ እኔ ዘንድ መቆየቱ እንደማያዋጣ ሲያይ በጉልበቱ ዞሮ ወደ ሚስቱ ሄደ። እሷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እሺ እንዳትል እየለመንኩ አየኋት፤ አላየችኝም። ከጠዋት ጀምሮ አቅመ ደካማ አረጋውያንን ስታገላብጥና ስታጥብ የዋለች ሴት ናት፤ ደክሟታል፣ ሁሉም እሷን እያየ ነው።

"ተነሥ" አለች። "ይቅር ብያለሁ።"

ሃሌ ሉያ ተባለ፣ ተጨበጨበ፣ ተቃቀፉ። ልጄ እንባውን ጠርጎ፣ ጭነት ይጠብቀኛል ብሎ ወጣ። በዚያ መሐል ልጅቷ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው፣ እጇን አወጣች።

"ደብዳቤውስ?" አለች።

ዋናው ሽማግሌ አጠገቧ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ቀስ ብሎ ነው የነገራት። "የእኔ ልጅ፣ አሁን ምን የሚጻፍ ነገር አለ? አባትሽ ተመልሷል፣ እናትሽ ይቅር ብላለች። ትቷቸው ሄዷል ብለን ብንጽፍ የዛሬውን ዕርቅ በእጃችን አፈረስነው ማለት ነው። በፈረንጅ ፊትም ወንድማችንን መክሰስ ይሆናል።"

"አባቴ ወዴት ነው የተመለሰው?" አለችው።

ላፕቶፑን ዘጋችው።

ሰኞ አለፈ። ዩኒቨርሲቲው ፋይልሽ ስላልተሟላ እርዳታውን ልንወስን አልቻልንም አላት። ቦታሽ ግን እንዳለ ነው አሏት፤ ሙሉውን ከከፈልሽ ማለታቸው ነው። ራሷ ጽፋ ቦታውን ለቀቀች። በሚመጣው ዓመት እንደገና አፕላይ አደርጋለሁ ብላ ነበር መጀመሪያ። አሁን አትልም። እናቷ የምትሠራበት ነርሲንግ ሆም ገብታ ጠዋት አብረው ይወጣሉ፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው። የኬሚስትሪ መጻሕፍቷን ታስጠናት ለነበረች አንዲት ልጅ ሰጠች። እናቷን አንድ ቀን አልወቀሰቻትም። ብትወቅሳት ይሻል ነበር፤ በአንድ ቤት ውስጥ ዝም ተባብለው ሲኖሩ የማየው እኔ ነኝ። ልጄ የመጣው ለገና አንድ ጊዜ ነው፣ የፍራፍሬ ካርቶን ይዞ።

እኔ ግን መጠየቅ አልተውኩም። እሑድ እሑድ አምልኮ ሲያልቅ ዋናውን ሽማግሌ እየጠበቅሁ፣ ለምን አልጻፋችሁም እለዋለሁ። አንድ ቀን በጸሎት ያዙት አለኝ። አንድ ቀን ጊዜው ካለፈ ምን ያደርጋል አለኝ። ጊዜው ሲያልፍ አብራችሁ ቆማችሁ ነበር አልኩት። ምራቴ ተይው አለችኝ፣ ሴቶቹም አዛውንት ሴት እንዲህ ስትከራከር ያስነቅፋል አሉኝ። ጥያቄዬ ስድብ የለበትም፣ ጩኸት የለበትም። ለቤት ኪራይ የሚጽፍ እጅ ለልጅቷ ለምን አልጻፈም፣ ይኸው ነው።

በመጨረሻ በቀደም ፓርኪንጉ ውስጥ ደረስኩበት። ሚስቱ መኪናው ውስጥ ገብታለች፣ እሱ ቁልፉን ይዞ ቆሟል። ዛሬም ሊያልፈኝ ነው ብዬ የመኪናውን በር ይዤ ቆምኩ። ደክሞት ነበር። ወደ አዳራሹ በር ዞሮ አየ፣ ሰው እየወጣ ነው፤ ልጄም እዚያው ቆሞ ሰው ያሰናብታል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

"እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ለእናንተ ብንጽፍ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላዋ ትመጣለች። ከዚያም ሌላዋ። ኮርት አትሂዱ፣ እኛ አለን ብለን የያዝነው እናንተን ብቻ መሰላችሁ? ለአንዷ ከጻፍን ለሁሉም ልንጽፍ ነው።"