ደንገጎ ላይ ያወረድኩት ሰው

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ናሆም ሶፋው ላይ ተጋድሞ ፊልም ያያል። ሰው ይገደላል፣ ናሆም ይስቃል። ሌላ ሰው ይገደላል፣ አሁንም ይስቃል። "ምኑ ነው የሚያስቅህ አንተ?" ስለው፣ "አባባ፣ ኮሜዲ እኮ ነው፤ ካልገባህ ልተርጉምልህ?" አለኝ። ለእኔ! ድሬ ላይ የሲኒማ ተርጓሚ ለነበርኩት ሰውዬ! ልቆጣው ብዬ ተውኩት። መነጽሬን አውልቄ በረንዳ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እኔ ሬሳ ያለበት አስቂኝ ፊልም ማየት ካቆምኩ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሃያ ዓመቴ ነው፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የአንድ ግሪክ ሱቅ ጸሐፊ ነኝ። ፈረንሳይኛዬን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው ያገኘሁት። እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ የከተማው ወጣት ሁሉ ሲኒማ ቤት ይገባል። ከፊት የእንጨት አግዳሚው ላይ የሚቀመጠው ሰው አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሶማልኛውን፣ አደርኛውን እያቀላቀለ ያወራል፤ የማያውቀው ፊልሙ የሚናገረውን ቋንቋ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አግዳሚ የራሱ ተርጓሚ ነበረው። የሦስተኛው አግዳሚ ተርጓሚ እኔ ነበርኩ። ደመወዜ በወረቀት የተጠቀለለ የባቢሌ ለውዝ ነው፤ ትኩስ፣ ጨው የነካው፣ ዛሬም ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ትርጉም ደግሞ ወግ ነበረው። "ሰውዬው ማርሴይ ሄደ" ካልክ ከኋላህ "የት ነው እሱ? አቦ፣ በሚገባን ተናገር!" ይሉሃል። ስለዚህ ማርሴይ ጅቡቲ ይሆናል፣ ፓሪስ አዲስ አበባ፣ ዳገት ላይ ያለ መንደር ሁሉ ደንገጎ ይሆናል፤ ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጣ አቀበቱ ጫፍ ላይ የምታገኛት ያቺው ደንገጎ። ሰዉ ግማሹን የሚስቀው በፊልሙ ነው፣ ግማሹን በእኔ። ይህን ስለማውቅ ልቤ አብጦ ነበር፤ ምን ልደብቅ!

ጓደኛዬ ኢድሪስ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው፤ ቀፊራ ገበያ ዳር ሲንጀሩን ዘርግቶ ልብስ ይሰፋል። አባቱ አባ ዩሱፍ ከጅጅጋ ጨርቅና ሻይ ቅጠል የሚያመላልሱ፣ ሁልጊዜ በጭነት መኪና ላይ ከዕቃቸው ጋር ተቀምጠው የሚመጡ ነጋዴ ነበሩ። የዚያን ዓመት መጋቢት ላይ ከባቢሌ ወዲያ ከጭነቱ ላይ ወድቀው ሞቱ። በዚያ መንገድ ደግሞ ሬሳ ጭኖ የተገኘ ሾፌር "አንተ ነህ የገደልከው" እንዳይባል ይፈራል። የመጀመሪያው ሾፌር ባቢሌ አወረዳቸው። ሁለተኛው አዝኖ ጫናቸው፣ ሐረር ሲቃረብ ፈርቶ አወረዳቸው። ሦስተኛው ደንገጎ ድረስ አምጥቶ ሻይ ቤት ደጅ ላይ ትቷቸው ሄደ። ሙስሊም በሞተበት ቀን ነው የሚቀበረው፤ አባ ዩሱፍ በሸራ ተጠቅልለው ሦስት ቀን በመንገድ ላይ ዋሉ፣ አደሩ። ኢድሪስ ወሬውን ሰምቶ ወጥቶ አመጣቸው። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ ሐዘን መቀመጫው ተዕዚያ ላይ አብሬው ተቀምጬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኢድሪስ ዝም አለ። የስፌት መኪናው ያወራል፣ እሱ ዝም። ሁለት ወር ሊሞላው ሲል ትኬት ቆራጩ "የሚመጣው እሑድ በሳቅ የሚያፈርስ ፊልም አለ" አለኝና፣ ይኸው መድኃኒቱ ብዬ ሄድኩ።

"አቦ ተወኝ ጌቾ፤ ሳቅ አላማረኝም።"

"ሳቅ እስኪያምርህ ትጠብቃለህ እንዴ? ተነስ!"

ተነሳ። ሲንጀሩን በጨርቅ ሸፈነና ተከተለኝ። እኔ ነኝ የጎተትኩት።

ፊልሙ እንዲህ ነው። አንድ ሀብታም ሽማግሌ የወንድሞቹን ልጆች ራት ይጠራል። ልጆቹ እርስ በርስ ይጠላላሉና አንዱ አንዱን ሊገድል ሲተኩስ ሽማግሌውን ይመታዋል። ሽማግሌው ማንኪያውን እንደያዘ ሾርባው ላይ ይደፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሬሳውን ማሻገር ነው። በሣጥን አድርገው ለጎረቤት ይሰጡታል፣ ጎረቤቱ ከፍቶ ይወድቃል፣ ሲነቃ ለሌላ ያሸክማል። ሊያሸክም የሄደው ደግሞ ራሱ ይሞታል፤ አንዱ ከደረጃ ይንከባለላል፣ አንዱ ጉድጓድ ይገባል፣ አንዱ በራሱ ሽጉጥ። በየመሐሉ የሟቹ ባርኔጣ ይወድቃል፤ ገዳዮቹ በትሕትና አንስተው መልሰው ይደፉለታል። እውነቱን ልናገር፣ ፊልሙ ጥሩ ነበር። የሠራው ሰው የፈሪን ፊት አጥንቶታል። ዛሬም መጥፎ ነው ብዬ አልምልም።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም በትርጉሜ ጋለብኩ። "ባቢሌ አወረዱት! ይኸው ሌላው ጫነው… ሐረር በር ላይ ጣለው! ዋይ፣ ባርኔጣውን! አሁን ደግሞ የት ሊያደርሱት ነው… ደንገጎ! ደንገጎ ሻይ ቤት ደጅ ላይ ጥለውት ሄዱ!"

ከኋላዬ ያለው ሰው በሳቅ ጀርባዬን ይደበድበኛል። ለውዜን ወደ አፌ ስሰድ በግራዬ በኩል ሳቅ እንደሌለ ታወቀኝ። ኢድሪስ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሸራውን ያያል። ፊቱ ላይ የፊልሙ ብርሃን ይመጣል፣ ይሄዳል። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳልኩ የሰማሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ለውዙን ወደ ወረቀቱ መለስኩ። ዝም አልኩ።

"ዋሪያ! ምን ሆነሃል? ተርጉም እንጂ!" ብሎ አግዳሚው ጮኸ።

ኢድሪስ ፊቱን ሳያዞር "ተርጉምላቸው፤ እየጠበቁህ ነው" አለኝ።

ተረጎምኩ። ምን እንዳልኩ ግን አላውቅም። በመጨረሻ ሬሳው ነጂ በሌለው ጋሪ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል፤ ባርኔጣው ይወድቃል፣ የሚያነሳለት የለም፤ አለቀ። አንድ ቃል አይነገርም። እኔ ግን ብድግ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ልጁ መጣ! አጠበው፣ ከፈነው፣ ቀበረው!" አልኩ።

"የታለ ልጁ? ውሸታም!" አሉኝ፤ የለውዝ ልጣጭ ዘነበብኝ።

ስንወጣ ፀሐዩ ዓይን አያስገልጥም ነበር። ወደ መጋላ ለመሻገር ደቻቱ ወንዝ ወረድን፤ ውሃ የለም፣ አሸዋው በጫማ ያቃጥላል። "ኢድሪስ፣ ወላሂ…" ብዬ ጀመርኩ። ክርስቲያኑ እኔ ወላሂ ስል ሌላ ጊዜ ይስቅብኝ ነበር።

"ማን ነገረህ?" አለኝ።

"ምኑን?"

"የደንገጎውን።"

አልገባኝም። የድልድዩ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "ስደርስ ሻይ ቤቱ ደጅ ላይ ነበር። እግሩ ከሸራው ወጥቷል፤ በጫማው አወቅኩት። ፖሊስ አጠገቡ ቆሟል። ባለሻይ ቤቷ 'ያንተ ነው?' አለችኝ። አይደለም አልኳት። ሻይ ቀዳችልኝ። ጠጣሁ። ጣፈጠኝ፣ ጌቾ! አባቴ እዚያ ተጋድሞ ሻይ ጣፈጠኝ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ስጨርስ ነው 'የኔ ነው' ያልኳት። አንተ ደንገጎ ስትል የምታውቅ መሰለኝ። አዳራሹ ሁሉ በኔ የሚስቅ መሰለኝ።"

አጠገቡ ተቀመጥኩና ትከሻውን ያዝኩት፤ ሁለታችንም አለቀስን። ብዙ ከቆየን በኋላ ፊቱን በሽርጡ ጠረገና "መጨረሻውን ግን ጥሩ አድርገህ ተረጎምከው" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ አልተቀመጥኩም። ኢድሪስ የሠርጌን ሱፍ ሰፋልኝ፣ ልጆች ወለደ፣ ሸበተ፤ ደንገጎን ግን ዳግም አንስቶብኝ አያውቅም። መንገዱ ላይ ስናልፍ ሁለታችንም ዓይናችንን ወደ ገደሉ እናደርግ ነበር።

ናሆም ፊልሙን ጨርሶ ወደ በረንዳው መጣ። "አባባ፣ መጨረሻው አመለጠህ።"

"ሟቹን ቀበሩት?" አልኩት።

"የቱን ሟች?" አለኝ፤ ግራ ገብቶት።

ኢድሪስ ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ሲል ሞተ። ጠዋት ሞቶ ከቀትር በኋላ ተቀበረ፤ አንድ ሰዓት እንኳ ደጅ አልቆየም። ከመቃብሩ ዳር በከዘራዬ ተደግፌ አፈሩ እስኪያልቅ ቆምኩ። ከጅቡቲ የመጣ አንድ ወጣት ዘመዱ፣ ይህ ነጠላ የለበሰ ሽማግሌ ማነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ቀረብ ብሎ በአክብሮት "አባባ፣ ሟቹ የእርስዎ…" ብሎ ጀመረ።

"የእኔ ነው" አልኩት፤ ሳላስጨርሰው፣ ሌላ ቃል እንዳይቀድመኝ ፈርቼ።