በጾም የከሳሁት ክብደት

ዕድሜ ነውና አንዳንዱን ነገር አዛብቼ ሊሆን ይችላል። የቆሰለ አንጀቴን ደም ያቆመልኝ አዲስ መድኃኒት ነበር። በምኖርበት ሰው አገር፣ ሶባ ሆስፒታል ያለችው ሐኪም መድኃኒቱ ሰው ያከሳ እንደሆነ ስለምታጠና ትመዝነኛለች። በሰሞነ ሕማማት ስትመዝነኝ ፊቷ ተለወጠ።

«ያ ዓሚ፣ አጎቴ፣ ከስተዋል። መድኃኒቱን ላቋርጥብዎ ነው።»

ደሙ ሊመለስብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። «ዶክቶራ፣ ያከሳኝ ጾም ነው።»

«እኔም ረመዳን ይዣለሁ፤ ጾም ያወፍራል እንጂ መቼ ያከሳል?» ብላ ሳቀች።

«የእኛ ማታም ሥጋና ወተት የለውም።»

«እንግዲያው ለፋሲካ ሥጋ ይብሉና ሰኞ ልመዝንዎ። ከጨመሩ መድኃኒቱ ይቀጥላል።»

ቅዳሜ ጠዋት ሳጃና ሰፈር፣ ደጃፌ ላይ ዶሮዬን ሳስር የከተማው ጦርነት ፈነዳ፤ ተኩስ ተጀመረ። ደነገጥኩና ደወልኩላት።

«ከቤት እንዳይወጡ፤ ዶሮውን ግን ይብሉ» አለችኝ።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም።